ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ

በቀድሞ ዘመን በአንድ ቤት ውስጥ የሚበላሸው ዕቃ ሁሉ ጉድለቱ በዓይን የሚታይ ነበር። ምጣድ ቢሰነጠቅ ስንጥቁ ይታያል፤ ጣራ ቢያፈስ ጠብታው ይታያል፤ የበር ማጠፊያ ቢወልቅ በሩ ራሱ ተንጋዶ ይናገራል። ስለዚህ ባለቤቱ ሙያው ባይኖረው እንኳ፥ ለሸክላ ሠሪዋም ሆነ ለአናጢው «እዚህ ላይ ነው» ብሎ በጣቱ ማመልከት ይችል ነበር። በዛሬው ጊዜ ግን ወደ ቤታችን ከገቡት ነገሮች መካከል ሲሠሩም ሳይሠሩም መልካቸው የማይለወጥ አሉ። ከእነዚህም አንዱ የቤት ኢንተርኔት ነው። ትናንት ሲሠራ የዋለው ትንሽ ሣጥን ዛሬም በዚያው መደርደሪያ ላይ፥ በዚያው መልኩ ተቀምጧል፤ አገልግሎቱ ግን የለም።

ጉድለት የማይታይ በሚሆንበት ጊዜ በሰው ላይ ሁለት ክፉ ነገሮች ይደርሳሉ። አንደኛው ኀፍረት ነው፤ ይኸውም ሰውዬው በሌላው ሥራው ሁሉ ዐዋቂና የተከበረ ሆኖ ሳለ፥ በዚህ ነገር ፊት ራሱን እንደ ሕፃን ይቈጥርና ከመጠየቅ ይልቅ ዝም ማለትን ይመርጣል። ሁለተኛው ገንዘብን በከንቱ ማባከን ነው፤ የት እንደሚያመው ለማይናገር በሽተኛ መድኃኒት ሁሉ እንደሚሸጥለት፥ የጉድለቱን ቦታ ለማያውቅ ባለቤትም ዕቃ ሁሉ ይሸጥለታል። ከዚህ በታች የምንተርከው በአንድ ወዳጃችን ቤት ያየነውን ነው። ወዳጃችን ስማቸውን ሳንጠቅስ እንድንጽፈው ስለ ፈቀዱልን፥ ለብዙ ቤተ ሰብ ይጠቅማል በማለት ጻፍነው።

ወዳጃችን ዕድሜአቸው ከ65 ዓመት ያለፈ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ከ30 ዓመት በላይ አገልግለው በጡረታ የተሰናበቱ ሰው ናቸው። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. በአገራችን ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት ሲጀምር እርሳቸው ወደ አርባ ዓመት የሚጠጉ ጎልማሳ ስለ ነበሩ፥ ነገሩ የደረሰባቸው ከጉልምስና በኋላ ነው። በሥራ ዘመናቸው ከግምጃ ቤት አንድ ምስማር እንኳ ያለ ፊርማ ወጥቶባቸው አያውቅም ይባላል። አሁን በአዲስ አበባ ቀበና አካባቢ፥ ግድግዳው ወፍራም በሆነ አሮጌ ቤት ከባለቤታቸው ጋራ ይኖራሉ። ባለቤታቸው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጆሮአቸው ደክሟል። ሰው ፊት ለፊት ቁሞ ሲነጋገር ግን የከንፈሩን እንቅስቃሴ እያዩ የሚባለውን ሁሉ ያስተውላሉ።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ እርስዋም በቤሩት ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። አሠሪዎቿ ዕረፍት የሚሰጧት እሑድ ከቀትር በኋላ ለአንዲት ሰዓት ብቻ ነው። ለእናትዋ መደበኛው ስልክ ምንም እንደማይጠቅም ስለምታውቅ፥ ምስል የሚያሳይ ስልክ ገዝታ ላከች፤ የቤቱንም ኢንተርኔት የወር ክፍያ ከደመወዟ ትከፍላለች። ስለዚህ በየሰንበቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናት ከስልኩ መስታወት ፊት ተቀምጠው የልጃቸውን ከንፈር ያነባሉ። ይህ ነገር ለሌላው ሰው ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ለዚያ ቤት ግን የሳምንቱ ሁሉ ማሰሪያ ነበር።

ከትንሣኤ በዓል በኋላ አንድ ቀን ወዳጃችን ወደ ቤታችን መጥተው፥ ቡና እስኪፈላ ስለ ዝናቡና ስለ ገበያው ካወሩን በኋላ፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መምህር፥ አንድ ነገር ላማክርዎ። የቤታችን ኢንተርኔት ስድስት ቀን ይሠራና በሰንበት ይተኛል» አሉን። ነገሩን በዝርዝር ስንጠይቃቸው፥ ለሦስት ሰንበት ያህል የልጃቸው ምስል አንድ ሁለት ደቂቃ ታይቶ እንደ ጠፋ፥ ሰኞ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ እንደሚሠራ ነገሩን። አንዲት ጐረቤት በቀልድ «ሰንበትን እያከበረ ነው» ብላቸዋለች። ሌላዋ ግን «ዓይን ገብቶበታል» ብላ በእውነት መክራቸዋለች።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወዳጃችን ባልተጨነቁ ነበር። ጭንቀታቸው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ልጅቱ ምስሉ ሲጠፋባት በመደበኛው የቤት ስልክ እየደወለች ደኅንነቷን ትነግራቸዋለች፤ እርሳቸውም ለባለቤታቸው «ደኅና ናት፥ አሁን አነጋግሬአታለሁ» ይሏቸዋል። እናት ግን የስልኩን ድምፅ አይሰሙም፤ ያዩት ነገር ቢኖር ባላቸው እጀታውን ይዘው ፊታቸውን አጨማደው ሲናገሩ ብቻ ነው። በአገራችን ደግሞ መርዶ እንዴት እንደሚደበቅ የማያውቅ የለም። «ደኅና ነው፤ ትንሽ አሞት ነው» እየተባለ ሰው ተቀብሮ ያልቃል። ስለዚህ በሦስተኛው ሰንበት እኒያ እናት ምሳቸውን ትተው፥ ጥቁሩን መስታወት በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄ ሞታለች፤ እናንተ ትደብቁኛላችሁ» ብለው አለቀሱ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ስናገር ከንፈሬን አይመለከቱም፤ ፊታቸውን ያዞራሉ» አሉን ወዳጃችን። ይህንን ሲነግሩን የቡናው ስኒ በእጃቸው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ የተደረገውን ጠየቅናቸው። የመስመር ሠራተኛ ሁለት ጊዜ በሥራ ቀን መጥቶ መስመሩን ለክቶ ጤነኛ ሆኖ ስላገኘው ተመልሷል። ከአንድ ሱቅ «ሣጥኑ አርጅቷል» ተብለው ከጡረታቸው ጥቂት ሺህ ብር አውጥተው አዲስ ራውተር ገዝተዋል፤ አዲሱም በሰንበት ተኛ። የሰፈር ወጣት ደግሞ በሣጥኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ መርፌ አስገብቶ ሊጫናት ሲል «ያልተረከብኩትን ነገር አላስነካም» ብለው ከልክለውታል። በዚህ መከልከላቸው እጅግ ትክክል ነበሩ። ያች ቀዳዳ በውስጡ የተጻፈውን ስምና የምሥጢር ቃል ሁሉ የምትደመስስ ናትና፥ ቢጫናት ኖሮ በአንድ ችግር ላይ ሁለተኛ ችግር በተጨመረ ነበር።

እኛ ወደ ቤታቸው በሄድን ጊዜ አስቀድመን ምንም ነገር አልነካንም። በልጅነታችን በዜማ ቤት ሳለን፥ አንድ ተማሪ በንባቡ መካከል ሲሳሳት መምህሩ ስሕተቱ ላይ አያቆሙትም ነበር። «በደኅና ወደ ነበርክበት ተመለስ» ይሉታል። ተማሪውም ያለ ጥርጥር ወደሚያውቀው ቃል ተመልሶ ከዚያ አንድ አንድ እርምጃ ሲሄድ፥ የተሳተበት ቦታ ራሱ ይገለጥለታል። በኋላም በዘመናዊ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ስንማር መንገዱ ይኸው ሆኖ አገኘነው። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌም ይህንኑ ያስተምራል።

ስለዚህ ለወዳጃችን በወረቀት ላይ ሦስት መንገዶችን ሥለን አሳየናቸው። በቤት ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ምንም ዓይነት ቢሆን በእነዚህ በሦስቱ ያልፋል፤ ጉድለቱም ከሦስቱ በአንዱ ላይ መገኘቱ አይቀርም።

የመጀመሪያው መንገድ ከእጅ ስልኩ እስከ ሣጥኑ ያለው ነው። ይህም ዋይፋይ የሚባለው የራዲዮ ሞገድ ሲሆን፥ በብዙ ቤቶች በ2.4 ወይም በ5 ጊጋኸርዝ ይጓዛል። የፊተኛው ርቆ ይሄዳል፥ ግድግዳም ይበሳል፤ ነገር ግን የጐረቤት ሣጥኖች ሁሉ ስለሚጋፉበት ይጨናነቃል፤ ምግብ የሚያሞቀው ማይክሮዌቭም በዚሁ ክልል ስለሚሠራ ያውከዋል። የኋለኛው ፈጣን ነው፤ ወፍራም ግድግዳ ግን ያዳክመዋል። በስልኩ ላይ የምትታየው እንደ ማራገቢያ ያለች ምልክት የምትናገረው ስለዚህ መንገድ ብቻ ነው። ምልክቲቱ ሙሉ ሆና ሳለ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል፤ ስልኩና ሣጥኑ መተዋወቃቸውን እንጂ ሣጥኑ ከውጭው ዓለም ጋራ መገናኘቱን አትመሰክርምና። ይህን መንገድ ለመመርመር ስልኩን ይዞ ከሣጥኑ አጠገብ መቀመጥ ይበቃል። በዚያ ከሠራ ጉድለቱ የርቀትና የግድግዳ ነው። በወዳጃችን ቤት ግን እናት የሚቀመጡት ከሣጥኑ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ስለ ሆነ፥ ይህ መንገድ ከጥርጣሬ ነጻ ሆነ።

ሁለተኛው መንገድ ከሣጥኑ እስከ ስልክ ማዞሪያው ጣቢያ ያለው ነው። በእርሳቸው ቤት ይህ መንገድ አሮጌው የስልክ መዳብ ሽቦ ነበር። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1876 ስለ ስልክ የፈጠራ ባለቤትነት ካገኘ ጀምሮ፥ ይህ ዓይነቱ ሽቦ የተዘረጋው ለሰው ድምፅ ነው። የሰው ድምፅ በስልክ የሚያልፈው በሴኮንድ ከ4000 በታች በሆነ ንዝረት ነው። ከዚያ በላይ ያለው የሽቦው ስፋት ሁሉ ለብዙ ዘመን ባዶውን ኖረ። ከዚያም ሊቃውንት በዚያ ባዶ ስፍራ፥ በሴኮንድ ከ25,000 ገደማ ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እስከሚደርስ ንዝረት፥ የኢንተርኔትን መልእክት ማሳለፍ እንደሚቻል አሳዩ። ዮሴፍ ሌክሌደር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስም ወደ ቤት የሚገባው ከቤት ከሚወጣው እጅግ ቢሰፋ ይሻላል የሚለውን ሐሳብ አመጣ። ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. የተባለው ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብ ተደነገገለት፤ በ2003 የወጣው የተሻሻለው ዓይነት ለጣቢያው ቅርብ ለሆነ ቤት በሴኮንድ እስከ 24 ሜጋቢት ድረስ ያስገባል። ቤቱ ከጣቢያው በራቀ መጠን ግን ይህ ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል።

እንግዲህ በአንድ ሽቦ ላይ ድምፅና ኢንተርኔት ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ከሆነ፥ እንዳይጋጩ የሚለያቸው ወንፊት ያስፈልጋቸዋል። ይህም ስፕሊተር የሚባለው ሦስት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ሣጥን ነው። ዝቅተኛውን ንዝረት ወደ ስልኩ፥ ከፍተኛውን ወደ ሞደሙ ይለያል። ይህንን ለወዳጃችን በዚያን ቀን ነገርናቸው፤ ሣጥኑ በቤታቸው ይኑር አይኑር ግን ገና አልተመለከትንም።

ሦስተኛው መንገድ ከጣቢያው እስከ ዓለሙ ሁሉ ያለው ነው። በዚህ ውስጥ የሂሳብ ክፍያ፥ የተጠቃሚው ስምና የምሥጢር ቃል፥ ደግሞም የስሞች መዝገብ ይገኛሉ። ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩት በቍጥር ነው፤ እኛ የምንጽፈውን ስም ወደ ቍጥር የሚለውጥልን መዝገብ፥ ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 የነደፈው ዲ.ኤን.ኤስ. ነው። አንዳንድ ጊዜ መስመሩ ጤነኛ ሆኖ መዝገቡ ብቻ ይታመማል። በዚያን ጊዜ በስም ቢጠሩት የማይመልስ፥ በቍጥር ቢጠሩት ይመልሳል። ነገር ግን የመዝገብም ሆነ የክፍያ ጉድለት ሰንበትንና ሰኞን ለይቶ ስለማያውቅ፥ ይህንም መንገድ ለጊዜው ወደ ጐን አኖርነው።

የቀረው ሁለተኛው መንገድ ነበር። ሣጥኑን ልንፈታ ወይም ሽቦውን ልንጐትት እንችል ነበር፤ ነገር ግን ቀኑ ሐሙስ ስለ ነበር ሁሉ ነገር ይሠራል። የሚሠራን ነገር መርምሮ ሕመሙን ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ለወዳጃችን እንዲህ አልናቸው። «ጋሼ፥ እርስዎ የሠላሳ ዓመት መዝገብ ያዥ ነዎት። ለዚህ ሣጥን አንድ መዝገብ ይክፈቱለት። ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ አራቱ መብራቶች እያንዳንዳቸው በርተው ወይም ጠፍተው ወይም ሲርገበገቡ መሆናቸውን፥ በመጨረሻም በዚያች ሰዓት በቤቱ ውስጥ የተደረገውን ይጻፉ። ያዩትን እንጂ ምክንያቱን አይጻፉ።»

ወዳጃችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። የኢንተርኔት ነገር እንግዳቸው ነው፤ መዝገብ ግን የራሳቸው ሙያ ነው። ወዲያውኑ ማስመሪያ አስመጥተው በደብተር ላይ ሰባት ረድፍ አሰመሩ። መብራቶቹ ምን እንደሚባሉ ጽሕፈቱን አነበብንላቸው። አንደኛው የኤሌክትሪኩ፥ ሁለተኛው ከጣቢያው ጋራ የመገናኘቱ፥ ሦስተኛው የኢንተርኔቱ፥ አራተኛው የዋይፋዩ መሆኑን ተረድተው ቍጥር ሰጧቸው።

በሚቀጥለው ሰኞ ደብተሩን ይዘው መጡ፤ በጥሩ ቁም ጽሕፈት የተሞላ መዝገብ ነበር። ዓርብና ቅዳሜ ሁለተኛው መብራት ሳያቋርጥ በርቷል። ነገር ግን ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ «ሁለተኛው ረገብ ረገብ አለ፤ ሦስተኛው ጠፋ፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ተመለሱ» ይላል። በመጨረሻው ረድፍ ደግሞ «እኅቴ ከደሴ በቤት ስልክ ደውላ ተነጋገርን» ተብሎ ተጽፏል። የእሑዱ መዝገብ እነሆ፦ «ዘጠኝ ሰዓት ከሦስት፥ የልጃችን ምስል መጣ። ዘጠኝ ከአምስት፥ የቤት ስልክ ጮኸ፤ ወንድሜ ነው፤ ሁለተኛው መብራት ተርገበገበ፤ ምስል ጠፋ። ዘጠኝ ከአሥር፥ ልጃችን በቤት ስልክ ደወለች፤ ‹ለምን ጠፋችሁ› አለች፤ እጀታውን ይዤ ሳለሁ መብራቱ ሲርገበገብ ቈየ። ዘጠኝ ከሃያ ሁለት፥ ሂሳቧ አለቀ፤ እጀታውን አስቀመጥሁ። ዘጠኝ ከሃያ ስድስት፥ ሁሉም መብራት በራ። ልጃችን አልተመለሰችም።»

እኛ ገና አንብበን ሳንጨርስ ወዳጃችን በጣታቸው በመጨረሻው ረድፍ ላይ እያመለከቱ «መምህር፥ ይህን ሌሊት ቁጭ ብዬ ሳየው ነበር። ስልኩ ሲጮህ መብራቱ ይወድቃል። በሥራ ቀን ማን ይደውልልናል? ዘመድ የሚደውለው በሰንበት ነው። ልጄም ምስሉ ሲጠፋባት ብላ የምትደውለው ራሱ መስመሩን ይዘጋዋል» አሉን። እኛ ከዚህ በላይ የምንጨምረው ነገር አልነበረንም። ሁለት የመስመር ሠራተኞች፥ አንድ ባለ ሱቅና አንድ ወጣት ያላገኙትን፥ ኢንተርኔት ምን እንደ ሆነ አላውቅም የሚሉ ሰው በደብተርና በእርሳስ አገኙት።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሽቦውን መከተል ብቻ ነበር። ከግድግዳው ሶኬት የወጣው ሽቦ፥ አንዱን ሁለት በሚያደርግ ተራ ማጣመሪያ ተከፍሎ፥ አንዱ ወደ ስልኩ አንዱ ወደ ሣጥኑ ይሄዳል፤ ወንፊቱ የለም። ወንፊት በሌለበት ጊዜ የስልኩ ደወል በአሥሮች የሚቈጠር ቮልት በሽቦው ላይ ሲያስተላልፍ የኢንተርኔቱን መልእክት ያናውጠዋል፤ እጀታው በተነሣም ጊዜ ስልኩ ከፍተኛውን ንዝረት ያዛባዋል። ሞደሙም ከጣቢያው ጋራ እንደገና ተስማምቶ ለመገናኘት ጥቂት ደቂቃ ይፈጅበታል።

«ይህ ቤት ቀለም የተቀባው መቼ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። «ለትንሣኤ» አሉ፤ ካሉም በኋላ ለአፍታ ዝም ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ነበር። በጋዜጣው ላይ በእጃቸው ጽሕፈት ቀኑ ተመዝግቦ፥ ከበታቹ «ከግድግዳ የተነሣ፥ አገልግሎቱ ያልታወቀ» ይላል። ፈትተን ብናየው ሦስት ቀዳዳ ያለው ነጩ ስፕሊተር ነበር። ቀለም ቀቢው ልጅ ሽቦዎቹን ነቃቅሎ ሲመልስ ይህን ትርፍ መስሎት በማጣመሪያ ተክቶታል። ንብረት ግን በዚያ ቤት ስለማይጠፋ ወንፊቱ ተቀምጦ ቈየ።

በቀዳዳዎቹ ላይ ላይን፥ ፎን፥ ሞደም የሚል ተጽፎ ነበር። እኛ ጽሕፈቱን አነበብንላቸው፤ እርሳቸው በገዛ እጃቸው ከግድግዳ የመጣውን በላይን፥ የቤት ስልኩን በፎን፥ የሣጥኑን በሞደም ላይ ሰኩት። ከዚያም በኪሳችን ስልክ ወደ ቤታቸው ደወልን። ስልኩ ጮኸ፤ ሁለተኛው መብራት አልተነቃነቀም። እጀታውን አንሥተው አነጋገሩን፤ አልተነቃነቀም። «ንብረት ሲረከቡ ሦስት ጊዜ ይቈጠራል» ብለው ሦስት ጊዜ አስደወሉን። በመዝገቡም ላይ ጻፉት።

በሰንበት የሆነውን በኋላ ነገሩን። የልጅቱ ምስል ሲመጣ እናት ቶሎ አላመኑም፤ የተቀዳ ምስል እንዳይሆን ፈርተው ነበር። ስለዚህ እጅጌዋን ሰብስባ፥ በሕፃንነቷ ምጣድ ያቃጠላትን የክንዷን ጠባሳ እንድታሳያቸው ጠየቋት። አሳየቻቸው። በመካከል ወንድማቸው በቤት ስልክ ደወሉ፤ ምስሉ ግን ባለበት ቈየ። ወዳጃችን ለወንድማቸው «በኋላ ደውል፤ ሥራ ላይ ነን» ብለው እጀታውን አስቀመጡ። በዚያን ዕለት ማታ ባለቤታቸው ፊታቸውን ወደ እርሳቸው መልሰው እንደ ቀድሞው ከንፈራቸውን ማንበብ ጀመሩ።

ወዳጅ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ነገር ለየቤታችሁ የሚሆን ጥቂት ምክር እናወጣለን።

አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ከዚያ በኋላ ንኩ። በምትነኩበትም ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡና ውጤቱን እዩ። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ቢሳካለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

ሣጥኑን አጥፍቶ ጥቂት ቈይቶ ማብራት መልካም ነው፤ ከበራም በኋላ እስከ አምስት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል። በመርፌ የምትጫነውን ቀዳዳ ግን፥ የተጠቃሚው ስምና የምሥጢር ቃሉ በወረቀት ተጽፎ በእጃችሁ ሳይኖር አትንኳት። እነዚህንም ሁለቱን አሁኑኑ ጽፋችሁ በቤቱ ሰነድ መካከል አስቀምጡ።

በአሁኑ ጊዜ በብዙ ሰፈር የመዳቡ ሽቦ በመስታወት ክር እየተተካ ነው። ቻርለስ ካኦ እ.ኤ.አ. በ1966 ንጹሕ መስታወት ብርሃንን እጅግ ርቆ ሊያደርስ እንደሚችል በጽሑፍ አስረድቶ፥ በ2009 ስለዚሁ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በዚህ ዓይነት መስመር ላይ ስፕሊተር በቤት ውስጥ አያስፈልግም፤ ስልክ ሲጮህም አይናወጥም። ነገር ግን ክሩ ጠበብ ተደርጎ ከታጠፈ ብርሃኑ ያፈስሳል። በሣጥኑ ላይ ኤል.ኦ.ኤስ. የተባለው መብራት ቀይ ሆኖ ከታየ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነውና፥ ዕቃ ተጭኖት ወይም በር ቈልምሞት እንደ ሆነ ተመልክታችሁ ባለሙያውን ጥሩ። የክሩንም ጫፍ ነቅላችሁ በዓይናችሁ አትመልከቱ፤ በውስጡ የሚሄደው ብርሃን አይታይም፥ ዓይንን ግን ሊጎዳ ይችላል።

ፍጥነት ስትገዙ ደግሞ ቢትና ባይትን ለዩ። መስመር የሚሸጠው በቢት ነው፤ በኮምፒዩተር የሚቀመጥ ነገር የሚቈጠረው በባይት ነው፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 10 ሜጋቢት የገዛ ሰው በሴኮንድ 1.25 ሜጋባይት ቢያገኝ አልተታለለም።

ባለሙያ በምትጠሩበት ጊዜ «አይሠራም» ብቻ አትበሉት። መቼ እንደሚጠፋ፥ የትኛው መብራት እንደሚወድቅ፥ በዚያን ጊዜ በቤቱ ምን እንደሚደረግ ጽፋችሁ ስጡት። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለሠራተኛው ድካምን፥ ለእናንተም ገንዘብን ያተርፋል።

በመጨረሻም የምንናገረው ለወጣቶቹ ነው። አባት ወይም እናት ወይም ሽማግሌ ጐረቤት «ይህ ነገር እንቢ አለኝ» ብለው ወደ እናንተ ሲመጡ፥ ዕቃውን ከእጃቸው ነጥቃችሁ በሁለት ጣት አስተካክላችሁ አትመልሱላቸው። እንዲህ ብታደርጉ ዕቃው ይድናል፤ ሰውዬው ግን ከበፊቱ የባሰ አላዋቂ መስሎ ይታየዋል፤ ሁለተኛ ጊዜም ለመጠየቅ ያፍራል። በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም። ስለዚህ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ጠይቋቸው፤ በገዛ እጃቸው እንዲሠሩት አድርጉ። በዘመናቸው ግምጃ ቤት የጠበቁ፥ ሽመና የሸመኑ፥ መድብ የነገዱ፥ ልጆች ያሳደጉ ሰዎች ናቸውና፥ የሚያስፈልገውን ማስተዋል ከእናንተ ቀድመው ይዘውታል። የጐደላቸው የመብራቶቹ ስም ብቻ ነው፤ እርሱንም በግማሽ ሰዓት ይማሩታል።